አባቴ ኦርኬስትራውን «ተቀበል!» ያለ ዕለት

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓ.ም. ነው፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ አያሌው ሚሊሺያ ተብሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ ዘጠኝ ወር አልፎታል፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ማሲንቆው እንደተሰቀለ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። አባቴ ማንም እንዲነካው አይወድም ነበር።

በዚያ ሰሞን፣ ለወታደሩ ሊጫወት ወደ ሰሜን የሚያልፍ ኦርኬስትራ እኛ ከተማ፣ መርሳ፣ አደረ። «ሁሉም ይውጣ፣ የቀረ ይቀጣል» ተብሎ ተለፈፈና አመሻሹ ላይ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ገባን። የጠመኔና የላብ ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሰው ሰብስበው በር ዘግተው ጎረምሳ ያፍሳሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ በሩ ላይ ደግሞ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። የአባቴን ጋቢ ጫፍ ጨብጬ ገባሁ።

መድረኩ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ጥቁር በጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶን ቀጭን ዱላ አነሳ።

«ምነው፣ እንግዳ ጀርባ ይሰጣል እንዴ?» አለች ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ።

«ዝም በይ፣ ካጠፉ የሚመታቸው እሱ ነው» አላት ባሏ።

ሰው ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። የሩስያ ሰው ድሮ የሠራው ዜማ ነው ተባለ። ከበሮው ሲያጓራ መድፍ መስሎኝ አባቴ ጋቢ ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ቫዮሊኑ፣ ያ በአገጭ የሚያዘው ማሲንቆ፣ ብቻውን ቀረ። እንደ ሰው አለቀሰ። ዜማው ሲያበቃ አባቴ ብድግ አለ። ማሲንቆ ባለበት አድማጭ ግጥም ይሰጣል፣ ተጫዋቹ ይቀበላል፤ እሱ የሚያውቀው ይኼንን ነው።

«ተቀበል!» አለ።

«ባለ አራት ክሩ ሰው፣ አንድ ክር ስጠኝ፣
ሰሜን የሄደ ልጅ ስቦ የሚያመጣልኝ።»

ከፊት ተቀምጦ የነበረው የቀበሌያችን ካድሬ ሽጉጡን ዳሰስ አድርጎ ተነሳ። «ማነው እሱ? ዘመቻውን የሚያማ!»

«እኔ ነኝ። ይቀበለኝ አልኩ እንጂ ማንን አማሁ?»

ጋቢውን ጎተትኩ። እሱ ግን አልተቀመጠም።

ባለ ዱላው ዞረ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ጓድ፣ ከፕሮግራሙ ነው» አለ። «ከሕዝቡ ግጥም እንቀበላለን።» እንደዋሸ እኔ ልጁ እንኳ ገብቶኛል። ወደ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዞሮ «ተቀበል» አለው። ሰውየው የአባቴን ግጥም ያለ ቃል፣ በክሩ ብቻ ደገመው። ካድሬው ተቀመጠ፤ ግን ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

ዛሬ የልጅ ልጄ ከወልድያ ሲመጣ ያን ዓይነት ሙዚቃ በስልኩ ይከፍትልኛል። «አባባ፣ ደስ አይልም?» ይለኛል። ደስ ይላል። ከበሮው ጋ ሳይደርስ ግን አስጠፋዋለሁ፤ በቅርቡ ጦርነት መድፉን እሱም ሰምቶታልና ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። አያሌው እንደወጣ ቀረ። አባቴም ማንም ሳይነካው አርጅቶ ሞተ።

ያኔ ግን ይኼንን በምን ልወቅ? ሌሊቱን ሙሉ ኮቴ ሳዳምጥ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ አባቴ ከብት ሊያወጣ ሲሄድ፣ ካድሬው መጥቶ ማሲንቆውን ካየ በእሱ ሰበብ አባቴን ይወስድብኛል ብዬ ከግድግዳ አወረድኩት። እንጨቱን ጭድ ክምር ውስጥ ቀበርኩት። ክሩን ግን ፈትቼ፣ አባቴ አንድ ክር ስጠኝ ብሎ የለ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት።