ለቀጠሮ ብቻ የሚጨመር ጠብታ

ልብስ ሰፊዋ መነጽር ቤት ተቀምጣ ተራዋን ስትጠብቅ የኮት ቁልፍ ትተክል ነበር። ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት ጨምሮ እይታን የሚያጠብ በሽታ፣ አለባት። የሆስፒታሉ ሐኪምና የመነጽር ቤቷ የዓይን ባለሙያ ተስማምተው፣ ባለሙያዋ የልብስ ሰፊዋን የዓይን ግፊት እየለካች ውጤቱን ለሐኪሙ ትልክለታለች። ልብስ ሰፊዋም ከሆስፒታሉ ሩቅ መንገድና ወረፋ ተገላግላለች።

ከመጋረጃው ጀርባ ባለሙያዋ በስልክ ስትናገር ሰማች።

«ዶክተር፣ መሣሪያዬን ደግሜ አስፈትሻለሁ። የልብስ ሰፊዋ ግፊት ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ የጎን እይታዋ ለምን እንደጠበበ ግን እኔም አልገባኝም። እባክዎ በእኔ ልኬት ተጠራጥረው ታካሚዎቹን አይውሰዱብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ግፊቱን እንዲቀንስላት በየቀኑ እንድትጨምረው የታዘዘላት ጠብታ ዓይኗን ያቀላዋል። ደንበኞቿ «ደግሞ ዛሬ ማን አስለቀሰሽ?» እያሉ ሲያሾፉባት፣ ቀጠሮ ካልደረሰ በቀር መጨመሩን ትታለች።

ባለሙያዋ መጋረጃውን ገለጠች። «ይግቡ እትዬ። ደግሞ እዚህም ሥራ ይዘው መጡ?»

«ልጄ፣ መሣሪያሽ ምንም አልሆነም» አለቻት፣ ቀና ብላ ማየት አቅቷት። «ጠብታውን የምጨምረው አንቺ ልትለኪኝ ስትይ ብቻ ነው። ጎበዝ እንድትዪኝ ብዬ።»

«እኔ እኮ የገዛ እጄን መጠርጠር ጀምሬ ነበር» አለች ባለሙያዋ ቀስ ብላ።

ብትቆጣት በተሻላት። ልብስ ሰፊዋ የባለሙያዋን ስልክ ተቀብላ ለሐኪሙ ደወለችና ራሷ ነገረችው። ከዓይኗ ዳር የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስም ከእሱ ሰማች።

ይህን ለምታነቡ አደራ ብላለች፦ ዓይናችሁን የሚለካው ሰው «ጠብታውን በየቀኑ ትጨምራላችሁ?» ሲላችሁ፣ እባካችሁ እውነቱን ንገሩት።