የሀንጋሪዎቹ ሽርጥ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው። ኦክላንድ፣ ከሀንጋሪ ተሰደው የመጡ ሰዎች ያቋቋሙትን አዳራሽ አጸዳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸው ያገራቸውን ጭፈራ ይለማመዱበታል። ቦቲያቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ሲዘሉ ጉድ ነው! ወልውዬ ሳልጨርስ ያቆሽሹብኛል። አይ፣ ላወራችሁ የተነሳሁት ግን ስለ ወለሉ አይደለም።

አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። በነሱ ወግ ጥልፍ የሚጠልፉት ብዙ ሴቶች ናቸው። አበባውን ጨርቁ ላይ የምትነድፍላቸው ግን አንዲት ሴት ናት፤ ጸሐፊ ይሏታል። እማማ ጸሐፊ ነበሩ፤ ፊደል ግን እንደኔው አልቆጠሩም። ጥቀርሻ በወተት በጥብጠው፣ የዝይ ላባ እየነከሩ፣ ያለ ማስመሪያ ከልባቸው እያፈለቁ ይነድፋሉ።

ያን ዓመት ለበዓላቸው፣ ለሚጨፍሩት ልጃገረዶች ስምንት ሽርጥ ያስፈልግ ነበር። እማማ ሁለቱን ጽፈው ሦስተኛው ላይ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀለሙ ተንጠባጠበ። ላባውን አስቀመጡ። ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጃቸው ፕሌዘንተን ከተማ ቢሮ ትሠራለች፤ ያን ቀን ግን አጠገባችን ነበረች። እሳቸው በሀንጋሪኛ ሲናገሩ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ የሚያደርጉት የኛ ልጆች ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

"ማማ፣ ያለቁትን ፎቶኮፒ አድርጌ እገለብጣቸዋለሁ። ማን ያውቃል?"

እማማ እንድፈርድላቸው ወደኔ ዞረው በሰባራ እንግሊዝኛቸው፣ "እኔ አውቃለሁ! አንድ አበባ ሁለቴ አይጻፍም። አንቺ ጻፊው በያት!" አሉኝ።

"እኔ ታይፕ ማድረግ ነው የማውቀው" አለች ልጅየዋ።

ፍርዱን ትቼ ላባውን አነሳሁ። እጄ የለመደው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነውና፣ ሳላስበው አበባው መሐል መስቀል ጣል አደረግሁበት።

እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ቆንጆ ነው! ግን ያንቺ አገር ነው፤ የኛ አይደለም። እጠቢው!"

እያጠብኩ ለልጅየዋ፣ "አየሽ፣ ጨርቁ ይታጠባል። እኔ ያልፈራሁትን አንቺ ምን ያስፈራሻል? እናትሽ እኮ አጠገብሽ ናቸው" አልኳት።

እጅጌዋን ሰበሰበች። የመጀመሪያው አበባዋ አንገቱ ጎብጦ ቁጭ አለ።

"ጎባጣ ነው" አሉ እናቷ።

"እሺ፣ ልጠበው።"

"ተይው!" መርፌያቸው ላይ ክር አስገቡ። ያ እጃቸው ላባ እምቢ ይበል እንጂ መርፌ አላስቸገረውም፤ ጎባጣውን ተከትለው ጠለፉት።

ስምንቱም ሽርጦች ለበዓሉ ደረሱ። በሳምንቱ ከሳን ሆዜ ሳይቀር ሴቶች የትራስ ጨርቃቸውን ይዘው መጥተው "ጻፊልን" እያሉ ልጅየዋን ከበቧት።

"ማማ፣ እኔ እኮ ሥራ አለኝ!" ብላ ጮኸች።

"እኔስ?" አሉ እማማ። "አምስት ልጅና ሁለት ላም ነበረኝ። በይ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አለች።