ድንጋይ ያሞቅንበት ጥቅምት

ገርጂ ያን ጊዜ አብዛኛው እርሻ ነበር። ከአክስቴ ጋር የምንኖርበት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ውርጩ ይጀምራል። ጠዋት በሩን ስከፍት የሜዳው ሣር ነጭ ሆኖ አድሮ አገኘዋለሁ።

አክስቴ የምትተዳደረው ጥጥ እየፈተለች ነው። በዚያ ጥቅምት ግን የምትፈትለው ለገበያ አልነበረም። አንድያ ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ተመርጦ የሚሄድበትን ቀን ቀበሌው ነግሮታል። ጋቢ ሳታለብሰው እንዳይሄድባት ነው የምትሠራው። ሸማኔው ድሩን አዘጋጅቷል፤ ማጉን በሦስት ሳምንት ውስጥ ካላስረከበችው ግን ለቀኑ እንደማይደርስ ቁርጡን ነግሯታል።

ችግሩ እጇ ነበር። ቁርጥማት ስላለባት ብርድ ሲነካት ጣቶቿ ይደርቃሉ፤ ክሩም በየስንዝሩ ይበጠሳል። ሌላ ዓመት አጠገቧ የከሰል ማንደጃ ስለማይጠፋ ይህን ያህል አላስተዋልኩትም። ያን ዓመት ከገጠር ከሰል የሚያመጣልን ሰው ጭነቱን ኬላ ላይ ተወረሰና መምጣት ተወ። ገበያ ላይ የሚገኘውም የሚቀመስ አልነበረም።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ሙቀት ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ግን ከትምህርት ቤት ይዤው ወጥቻለሁ። የቀረችንን ከሰል ያቀጣጠልን ዕለት ወንበር ላይ ቆሜ እጄን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋሁ። ላይኛው አየር ሞቅ ያለ ነው፤ ታች አክስቴ ነጠላዋን ደርባ ትንቀጠቀጣለች። እሳቱን የምናነደው ለጣሪያው ነበር ማለት ነው። አክስቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ አሁን ደግሞ ቆርቆሮውን ልትፈትይልኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ኮላቸውን የሚያፈሉት በሰጋቱራ ምድጃ ነው፤ ሳልፍ አየዋለሁ። አንድ ጠዋት ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስለጠፋኝ የበሩን መቃን እደባብሳለሁ። እሳቸው እንጨታቸውን እየላጉ ሁለቴ አዩኝ። በሦስተኛው፣ «ልጄ፣ በሩን ልትገዢው ነው?» አሉኝ።

እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ትተው አሳዩኝ። የዘይት ቆርቆሮ ከታች በጎኑ ይበሳል። መካከሉ ላይ ጠርሙስ ይቆምና ዙሪያውን ሰጋቱራ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ጠርሙሱ እየተሽከረከረ ይወጣል፤ እሳቱ በቀረው ቀዳዳ ከታች ይለኮሳል። ጠበቅ ተደርጎ ከተጠቀጠቀ ከጠዋት እስከ ቀትር ቀስ እያለ ይነዳል። ከውጭ ከተከመረው በነፃ እንድወስድ ፈቀዱልኝ፤ ደረቁን ብቻ እንድመርጥም አስጠነቀቁኝ።

እኔ ላዩን ዳስሼ ሙሉ ጆንያ ዛቅሁ። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ግን የክረምቱን ዝናብ እንደጠጣ ነበር። ቤት ውስጥ ሲለኮስ ሞቀ፤ ጢሱ ግን ዓይን አያስገልጥም። አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትፈትላለች፤ ጣቷ ስለታዘዘላት ደስ ብሏት እንድናወጣው አልፈለገችም። ሦስት ቀን እንዲህ ሠራች። በአራተኛው ቀን ተባዝቶ የተጠቀለለ አዲስ አመልማሎ ልትጨምር ቅርጫቱን ደጅ ይዛ ወጣች። ከነጩ ጥጥ አጠገብ ሲታይ የሦስት ቀኑ ፈትል ቢጫ ሆኗል። አጠብነው፤ አልለቀቀም። እሷ አልተቆጣችኝም። የፈትሉን ልቃቂቶች አንድ በአንድ አንስታ ለብቻ አስቀመጠቻቸውና ገባች።

እኔ ደጅ ቀረሁ። ምድጃው ደጅ ቢነድስ፣ ሙቀቱ ብቻውን የሚገባበት መንገድ የለም ወይ እያልኩ አሰብኩ። ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር ሁሉ ሙቀት ይዞ ይወርዳል። ታዲያ ድንጋይ ብጥድስ?

ከወንዝ ያመጣሁት ድንጋይ ሲግል ፈነዳና ዶሮዎቹን በተነ። ቀዩ ድንጋይ ቶሎ ግሎ ቶሎ በረደ። ከእርሻው ዳር ያነሳሁት ከባዱ ጥቁር ድንጋይ ግን ለመሞቅም ለመብረድም የሚቸኩል አልነበረም። ሰዓት ስላልነበረን በእንዝርት ለካሁት፤ አክስቴ አንድ እንዝርት ሞልታ እስክትጨርስ ይሞቃታል። በአሮጌ ብርድ ልብስ ስጠቀልለው ሁለት እንዝርት ቆየ። ለምን ጨርቅ ሲለብስ እንደሚቆይ ያን ቀን ገባኝ፤ ጋቢም ሙቀት አይሰጥም፣ የሰውየውን ሙቀት እንዳይሄድ ይይዛል እንጂ።

ከዚያ በኋላ አንዱን ድንጋይ ከእግሯ ሥር፣ አንዱን ከእጇ አጠገብ አስቀምጣለሁ፤ ሲበርዱ ደጅ ከሚነደው ምድጃ በሌሎች እቀይራቸዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ገብቶ አየንና፣ «ለሰው በጥቅምት አንድ አጥንት፤ ለእኛ ቤት ሁለት ድንጋይ» ብሎ ሳቀ። እናቱ ሳትስቅ ፈተለች።

የሸማኔው ቀን ሲደርስ ሁሉንም ይዘንለት ሄድን፤ ነጩ ማግ ግን አልበቃም። የጎደለው ልክ ያ የሦስት ቀን ሥራ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ቢጫው ወደ ውስጥ ይግባ፣ አይታይም ብዬ አንሾካሾክሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሸማኔውም ይሆናል አለ። አክስቴ ቢጫውን ልቃቂት አንስታ አሸተተችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ጢስ የጠጣ ልብስ ልጄን አላለብስም። ያለውን ያህል ሥራው» አለችው።

ያለው አራት እጥፍ ስላልሞላ በሁለት እጥፍ ጠበቅ ተደርጎ ተሠራ። ጋቢ ሊሆን የነበረው ወፍራም ኩታ ሆኖ ወጣ።

በሄደበት ጠዋት ቀበሌው ደጃፍ ብዙ እናቶች ነበሩ። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። አክስቴ ኩታውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ጫፉን በአውራ ጣቷ ስትዳስስ ቆየች።

«ይኼ ግማሹ ነው። ግማሹን መጥተህ ትወስዳለህ» አለችው።

እሱ እንደልማዱ አልቀለደም። እሺ ብቻ አላት።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሌሎቹ ቆመው ሲያለቅሱ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ መንገድ ጀመረች። ፀሐይዋ ወጥታለች። እጇ ሳይበርዳት ፈትሏ ላይ ልትደርስ ቸኩላ ከፊቴ ቀደመች፤ እኔም ልደርስባት ሮጥሁ።