የሽማግሌዎቹ ጫማ በከዋክብት ጦርነት

ነጠላ ጫማ ሲሚንቶ ላይ «ጧ!» ብሎ ሲወድቅ በሰማሁ ቁጥር፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር የነበረው የቤታችን ሰገነት ትዝ ይለኛል። ያ የሚለበልብ ነፋስ ሲጀምር ቤት ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ስለነበር፣ አልጋዎቹን ሁሉ ተሸክመን ሰገነት ላይ እናወጣ ነበር። የአባቴ ታናሽ እህት ኑሪያ የብረት አልጋዋን መሃል ላይ ገትራ፣ «አቦ፣ ይቺ እኮ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ናት፤ በከዋክብት መሃል ነው የምትሄደው» ብላ ራሷን አዛዥ፣ እኔንና ወንድሜን ፉአድን አብራሪ አድርጋ ሾመች። ተዋጊ አውሮፕላኖቻችን የቤተሰቡ ነጠላ ጫማዎች ነበሩ።

ጠላት ከጠባቧ መንገድ ማዶ ያለው ሰገነት ነው። የሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ልጅ ሐዋ፣ ታናናሾቿን አሰልፋ የሌላ ኮከብ ንግሥት ሆና ትጠብቀን ነበር። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ ጠላት ኮከብ ላይ ያረፈ ተዋጊ እስከ ማግስቱ ምርኮኛ ነው። በዚህ ሕግ የተነሳ አባቴ ስንቴ የእናቴን ጫማ አድርጎ ሱቅ ሄደ መሰላችሁ!

ሙቀቱ በርዶ አልጋዎቹ ሊወርዱ ሲሉ፣ ኑሪያን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ከድሬዳዋ መጡ። እሷ ድሬዳዋ ከሄደች መርከቧን ማን ሊያዝ ነው? ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገብተው ነበርና፣ ጫማ ካጡ ተቀይመው ይሄዳሉ፣ ከተቀየሙም ተመልሰው አይመጡም ብዬ፣ ሁሉንም አቅፌ ሰገነት ላይ ወጥቼ አንድ በአንድ ወደ ሐዋ ኮከብ አስወነጨፍኳቸው።

አባቴ በወጉ መሠረት «እንምከርበትና ሌላ ቀን ተመለሱ» ብሎ ሲሸኛቸው በር ላይ ጫማ የለም። ላብ በላብ ሆነ። እናቴ «ውይ ጉዴ!» እያለች አልጋ ስር ሳይቀር ፈለገች። በመጨረሻ የት እንዳሉ አምኜ ፉአድ ማዶ ቢላክም፣ የሐዋ እናት ገበያ ስለነበረች ሐዋን የሚቆጣት አልነበረም፤ ሐዋ «ምርኮኛ እስከ ነገ አይለቀቅም» ብላ ድርቅ አለች።

ሽማግሌዎቹ ምን ያድርጉ? ተመልሰው ተቀመጡ። እራት ቀረበ፣ ጨዋታው ደራ፣ ከመሃላቸው በዕድሜ የገፉት አባትም «ጫማችንንም ይዛችሁ ልጅቷንም ከከለከላችሁንማ ፍርድ የለም!» ሲሉ አባቴ በሳቅ ፈርሶ፣ «በቃ፣ ሰጥተናል!» አለ። የሐዋ እናት ጫማዎቹን በሳፋ ይዛ ስትደርስ ነገሩ አልቆ ነበር።

ኑሪያ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝና፣ «የኔ ጀግና! አንቺ ባትኖሪ ገና ስንቴ ያመላልሷቸው ነበር» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ደግሞ ሳቀች።

ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ ሰገነቶቹ ላይ የቀረው የውሃ ታንከር ብቻ ነው። ኑሪያ ግን ፀጉሯ ሸብቶም በየዓመቱ እየመጣች፣ ያንን ጦርነት ለልጄ ትተርክላታለች። በቀደም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ድሬዳዋ ልትመለስ ስትነሳ፣ በር ላይ አንድ እግር ጫማዋ ብቻ ነበር። ልጄን ዞር ብዬ ባያት ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት፤ ማድቤት ገብቼ ለእራት ሩዝ ጣድኩ።