እማዬና የፊደል ጨዋታው

ልጅነቴ ሲነሳ ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የአንድ የቴሌቪዥን ሰዓት ድምፅ ነው። ለንደን፣ ዊልስደን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዶሮ ጥብስ ቤት በላይ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት እኔና እማዬ እንኖር ነበር። የዘይቱ ሽታ በደረጃው ወጥቶ መጋረጃው ላይ ያድራል፤ ባስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። እማዬ ሂትሮው፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ውስጥ የጠዋት ሺፍት ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት አገኛታለሁ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "ቶሎ በይ፣ ሊጀምር ነው!" ትለኛለች።

የምንወደው ፕሮግራም የፊደልና የቁጥር ውድድር ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደላት ይደረደራሉ፣ ትልቁ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፣ ተወዳዳሪዎቹ ከፊደላቱ ረጅሙን ቃል ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ ደምረው፣ ቀንሰው፣ አባዝተው የተባለው ቁጥር ላይ መድረስ አለባቸው። እማዬ ግማሹን እንግሊዝኛዋን የተማረችው ከዚያ ነው። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ቁጥሩን በአማርኛ እያንሾካሾከች ታሰላና ከተወዳዳሪዎቹ ከቀደመች ትከሻዋን እየሰበቀች ትስቃለች።

አንድ ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ ሳቋ ቀነሰ። መጀመሪያ አራት የተጻፈውን ሰባት ብላ ደመረች። ሌላ ቀን እርሳሱ ከጣቷ ወደቀ፤ አንስታው እንደገና ወደቀ። ራሷን እየደጋገመ ያማት ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄዳ "ድካም ነው፣ ዕረፍት አድርጊ ተብያለሁ" ብላ ተመለሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ። ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ዓይኔ እርሳሷ ላይ ነው።

ዝናባማ ሐሙስ ነበር፤ በቀን ጨልሟል። ፊደላቱ ተደረደሩ፣ ሰዓቱ ቆጥሮ ቆመ። "ምን አገኘሽ?" አልኳት። ደረሰኙን ዘረጋችልኝ። ረጅም ነገር ጽፋለች፤ ግን በየትኛውም ቋንቋ ቃል አልነበረም።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁልፉ…" አለች። "ቁልፉ ዝናብ ላይ…"

ፈገግ ልትል ስትሞክር የአፏ አንድ ጎን ብቻ ተንቀሳቀሰ። "እኔ ማን ነኝ?" አልኳት፤ ለምን እንደጠየቅኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ትኩር ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ስሜን እየፈለገችው ነበር፤ አልመጣላትም።

በባዶ እግሬ ሮጬ የጎረቤታችንን የእትዬ ዘውዴን በር ደበደብኩ። እትዬ ዘውዴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። "እትዬ፣ እማዬ መናገር አቃታት፤ ይምጡልኝ!" ስላቸው ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉኝ። እማዬ ፊት ተንበርክከው "እኅቴ፣ ሁለቱንም እጅሽን አንሺልኝ" አሏት። አንዱ ብቻ ተነሣ። ያኔ የእትዬ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ስልኩን እያነሱ "ሰላሜ፣ የታችኛውን በር ክፈቺና እዚያው ጠብቂ፤ አምቡላንሱ ሲመጣ መንገዱን አሳዪያቸው" አሉኝ።

ቴሌቪዥኑን ማንም አላጠፋውም። ደረጃው ሥር በሩን ይዤ ስጠብቅ፣ ከላይ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ይሰማኝ ነበር።

እማዬ ጭንቅላቷ ውስጥ እብጠት ነበረባት፤ ያን ቀን ደም ፈሶበት ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ተረፈች። እኔ እትዬ ዘውዴ ጋ ሰነበትኩ፤ ሆስፒታል በሄድን ቁጥር እማዬ ባታውቀኝስ ብዬ እየፈራሁ። አንድ ቀን ሾርባ ሳጎርሳት ፊቷን ዞር አደረገችና "ሰላም፣ ይፋጃል እኮ!" አለችኝ፣ ስሜን ጠርታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሳህኑን አስቀምጬ አልጋዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አማርኛዋ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እንግሊዝኛዋ ግን አብዛኛው እዚያው ቀረ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጄ የቃላት ጨዋታ ስልኳ ላይ ለብቻዋ ትጫወታለች፣ ጆሮዋን በኢርፎን ደፍና፤ እኔና እማዬ ግን በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ተጠቅልለን፣ በአንድ እርሳስ እየተሻማን ነበር የምንጫወተው። እማዬ አሁን ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ነው የምትኖረው፤ በየቀኑ ከሰዓት ትደውልልኛለች። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ጉልበቷ ታወራለች። እኔ ግን የምሰማው ወሬውን አይደለም፤ ቃላቱ ሳይደናቀፉ መውጣታቸውን ነው።

ትናንት ወሬዋ መሃል ላይ ቆመች። "ስትወጪ… ያንን… ያንን…"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። የቢሮው ጫጫታ ሁሉ ራቀብኝ። "እማዬ?"

"ዣንጥላሽን" አለች በመጨረሻ። "ዣንጥላሽን ይዘሽ ውጪ።"

"እሺ፣ እማዬ" አልኳት፣ ድምፄን አረጋግቼ። ስልኩ እንደተዘጋ ኮቴን አንስቼ፣ የጀመርኩትን ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ትቼ፣ ወደ ቤቷ ሄድኩ።