ያጠፋሁት ይጥፋ

ቢሮ ውስጥ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት የለም፤ «እሜቴ እምቢ» ነው የሚሏት። ጠባይዋ ከልጅነቷም ነው። እናቷ «ይቺ ልጅ ከሆዴ የወጣችው ተከራክራ ነው» ይላሉ።

መሥሪያ ቤቷ ላፕቶፕ ይሠራል፤ እሷ ደግሞ ድራይቨር ትጽፋለች፣ ኮምፒውተሩን ከውስጥ ዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም። ጠረጴዛዋ ላይ ሁሌ ሆዱ የተከፈተ ላፕቶፕ አለ፣ የአንቴናው ሽቦ እንደ አንጀት ተዘርግፎ። በዚያ ሰሞን የያዘችው በጎን ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ወደ ኋላ ሲስቧት ዋይፋዩም ብሉቱዙም ጸጥ ይላል። ማብሪያዋ ግን ሽቦ አትቆርጥም፤ «አጥፉ ተብሏል» ብላ ለድራይቨሩ ትናገራለች እንጂ። መታዘዙ የድራይቨሩ ፈንታ ነው።

አንድ ቀን አለቃዋ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስሚ፣ ይቺ ማብሪያ አሰቃየችን። ሰዉ ሳያስበው ይነካትና ‹ኢንተርኔቱ ሞተ› እያለ ስልካችንን ያቃጥለዋል። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ዋይፋዩ ራሱ ይብራ፤ ማብሪያዋ ብትጠፋም።»

«ሆን ብሎ ያጠፋውስ ሰው?»

«እሱን ማን ያስተውለዋል?»

«እኔ። አልሠራውም።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ ሥራውን ለጎረቤቷ ሰጠው። ቢሮው «መነጽር» የሚለው ይህ ዝምተኛ ባልደረባ አንገቱን ደፍቶ ጻፈው፤ ለሙከራም ለጥቂት ደንበኞች ተላከ።

እሷም «ችግሩ ስልክ ከሆነ ስልኩን እኔ አነሳዋለሁ» ብላ ታች ወደ ደንበኞች ክፍል ወረደች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስትደፋ የክፍሉ ሠራተኞች ተጠቃቀሱባት። አለቃዋም አልዋሸም፣ ጥሪው ፋታ የለውም።

«እማማ፣ ጎኑን በጣትዎ ይዳስሱት። አገኟት? ወደ ፊት ይግፏት።»

«ውይ! መጣ፣ መጣ! ተባረኪ!»

ይህን ስክሪኑ ራሱ ለምን አይነግራቸውም ብላ አሰበች። በጥሪ መሃል ጊዜ እየሰረቀች፣ ማብሪያዋ ስትጠፋ «ዋይፋዩ የጠፋው በጎን ባለችው ማብሪያ ነው» የሚል ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራች።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ ያደረገች ሴት ደወለች።

«እኔስ አልበራ ብሎኝ አይደለም፤ አጥፍቼው ራሱ ስለበራ ነው።»

«ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት?»

«አዎ። እህቴ፣ ሸሽቼው የመጣሁት ባል አለኝ። ያለሁበትን በዚህ ኮምፒውተር እንዳያውቅብኝ ብዬ ነበር ያጠፋሁት። የዋይፋዩን መብራት በርቶ ሳየው ወዲያው ደወልኩ።»

ወደ ድሮው ድራይቨር እንድትመለስ ረጋ ብላ መራቻት። ሴትየዋ «ጠፋ፣ ክዳኑን ዘግቼም ከፈትኩት፣ አልበራም» እስክትል ስልኩን አልዘጋችም። ከዚያ ደረጃውን እየዘለለች ወጥታ አለቃዋ ፊት ቆመች፤ የሰማችውን ነገረችው።

«ያሳዝናል» አለ፤ «ግን አንድ ሰው ነው።»

«አንድን ሰው የከዳ ማብሪያ ሁሉንም ይከዳል። ማብሪያዋ መጥፋቷን የሚናገር ጽሑፍ ሠርቻለሁ፤ እሱን ስክሪኑ ላይ ያውጡት፣ ስልኩ ይቀንሳል። ያንን ትእዛዝ ግን አሁኑኑ ከድራይቨሩ አወጣዋለሁ፣ በስሜ። ካሻዎት ያባሩኝ!»

«ሌላ ሰው የጻፈውን?»

መነጽር ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል። «ታውጣው» አለ። «እኔም ስጽፈው ደስ አላለኝም።»

አለቃው ሁለቱን አፈራርቆ አየና በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ወጣ። እሷም ትእዛዙን አወጣችው፤ ለደንበኞች ሁሉ የተላከው ማብሪያዋን የሚታዘዝ ድራይቨር ነው፤ ጽሑፉም አለበት። ተስፋ ታደርገው የነበረው የቡድን መሪነት ግን ለሌላ ተሰጠ፤ እሷንም ማንም ወደማይፈልገው የማተሚያ ማሽን ክፍል አዛወሯት።

እናቷ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይቅርታ ብትጠይቂው ምን አለበት?»

«በምን ጥፋቴ እማዬ? ነገም ቢመጡብኝ እምቢ ነኝ።»

እናቷም «ለመሆኑ ያቺ ሴትዮ ደህና ናት?» አሉ።

«እንጃ። ደግማ አልደወለችም።»