አሸዋ ውስጥ የተቀበረው ቁልፍ

በበልግ ዳላስ ላይ ነፋሱ ሲነሣ፣ አቧራው የመስኮቱን መስታወት ሸሽ ሸሽ እያለ ሲመታው፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። ሰው የመጣ ይመስለኛል፤ ወይ ሰው የሚሄድ። ሳሎኑን ዞሬ ዞሬ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ድምፁ የባሕር ዳር አሸዋ ድምፅ ነው፤ የልጅ ልጄ ሐያት ሕፃን ሳለች፣ አባቷም ገና ሳይሸብት፣ አልጋም ምድጃም ባለው መኪና ውስጥ ተኝተን የሰማነው።

ያኔ ስልክ የሚታጠፍበት ጊዜ ነበር። ልጄ ጀማል ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ነበር፣ ሚስቱ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ሌሊት ትሠራ ነበር፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ጀማል እቤት ሲሆንም እግሩ አያርፍም፤ ቁርሱን ቆሞ እየበላ፣ ስልኩን በትከሻው ይዞ፣ ቁልፉን በጣቱ ላይ ያሽከረክር ነበር። ሐያት የአባቷን መምጣት የምታውቀው በዚያ በቁልፉ ድምፅ ነበር፤ መሄዱንም እንደዚሁ። እዚህ አገር ክረምት የሚሉት ብርዱን ነው፤ ያን ክረምት ሙሉ «ዳዲ፣ ቢች መቼ ነው የምንሄደው?» ስትለው፣ «ስፕሪንግ ብሬክ ይድረስ፣ ትምህርት ሲዘጋ» እያለ ይወጣ ነበር። እኔ ደግሞ እሷን ለማስተኛት የራሴን ልጅነት አወራላት ነበር።

አባቴ ከባቲ ወደ አፋር በረሃ በግመል እህል እያወረደ፣ ጨው ይዞ የሚመለስ ነጋዴ ነበር። መኸር ሲገባ፣ ግመሎቹ ደጅ ላይ ሲያጉረመርሙ፣ ሊሄድ መሆኑን አውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ጓደኞቹ መጥተው ሲጠሩት፣ አንድ እግር ሸበጡን ጎተራ ውስጥ ማሽላ አልብሼ ደበቅኩበት። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው፤ ጓደኞቹ ጥለውት ሄዱ። ያን ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ እሸት ሲጠብስልኝ ዋለ፤ በማግሥቱ የጎረቤት ሸበጥ ተውሶ ተከተላቸው። ሐያት ይቺን ወሬ «አጌን፣ አጌን» እያለች ታስደግመኝ ነበር።

በልጉ ሲገባ ጀማል ቃሉን ጠበቀ። አርቪ የሚሉትን ያን መኪና ከጓደኛው ተውሶ፣ ሦስት ቀን እረፍት ጠይቆ፣ ሚስቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ሦስታችን ብቻ ወደ ጋልቬስተን ባሕር ዳር ወረድን። እኔ ለገንፎ ብዬ የገብስ ዱቄትና ወንፊት ይዤ ነበር፤ ጀማል ወንፊቱን አይቶ «እማዬ፣ እዚያ ሰርግ አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ነፋሱስ! ያን የሚያህል መኪና እያወዛወዘ አሳደረን፤ አሸዋው ገንፎው ውስጥ ገባ፣ ጆሮአችን ውስጥ ገባ፤ መስገጃዬን አራቱንም ጫፍ በጫማ አስጭኜ ነበር የምሰግደው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የሥራ መዳቢው ነበር፤ ሰው ጎድሎብኛል፣ ነገ ንጋት ላይ ካልደረስክ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ አለው። ጀማል «ኦኬ፣ ኦኬ» እያለ ወንበሮቹን ማጣጠፍ ጀመረ። ሐያት ወደ አሸዋው ወጥታ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ጀማል ኪሱን፣ አልጋውን፣ ምድጃውን ይበረብር ጀመር።

«ሐያት፣ ቁልፉን አይተሻል?»

«ቀበርኩት።»

«ምን አልሽ?»

«አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። አያቴ ዳዲዋ እንዳይሄድ እንደዚህ ነው ያደረገችው። ሶ፣ እኔም…»

ጀማል ወደ እኔ ዞረ። «እማዬ!»

«እኔማ ጎተራ ነው ያልኳት!»

ለምልክት የጁስ ቀሰም ተክላ ነበር፤ ነፋሱ ወስዶታል፣ ዱካዋንም ደልድሎታል። «እዚህ ነበር፣ ኖ፣ እዚያ» እያለች ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው።

ወንፊቴን አወጣሁ። ጀማል አሁን አልሳቀም፤ ተንበርክኮ አሸዋውን እየዛቀ ይነፋ ጀመር። መጀመሪያ እንደተጣላ ሰው ነበር የሚነፋው፤ በየመሃሉ ተነሥቶ ፀሐይዋን ያያል፣ ስልኩን ከፍቶ ይዘጋል። ሐያት ወንፊቱ ላይ የቀረውን ዛጎል ትለቅማለች።

«ዳዲ፣ ይሄኛው ጆሮ ይመስላል።»

«ያንቺ ጆሮ ነው፤ የምንለውን አይሰማም» አላትና፣ ሳይወድ ሳቀ።

የቀትሩን ዙሁር ሰግጄ ቀና ስል ቁልፉ ወንፊቱ ውስጥ ነበር። ሐያት ዛጎሏን ልታጥብ ጀርባዋን ሰጥታለች። ጀማል አንሥቶ አሸዋውን አራገፈው። እንደ ልማዱ በጣቱ ሊያሽከረክረው ነው ብዬ ነበር። አየኝ፤ እኔም አየሁት። ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ ጭብጥ አድርጎ ኪሱ ከተተውና፣ «ነይ ሐያት፣ በዚህ በኩል ገና አልነፋንም» አላት።

እስኪመሽ ነፉ። ማታ ለመዳቢው ኮል አድርጎ ቁልፍ ጠፍቶብኛል አልደርስም አለው፤ መኪናው ሲወዛወዝ ሲያድር እሱ ግን እግሩን አጥፎ እንደ ልጅ ተኛ። በማግሥቱ ቁልፉን ወንፊቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ጣለላትና፣ «አገኘሁት!» እያለች የጮኸችው እሷው ናት።

ቦታውን ለሌላ ሰጡበት። ሙቀቱ ሲመጣ ፎርት ዎርዝ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ያወርድ ነበር፤ ስለዚያች ቀን ግን ሲያማርር አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ዛሬ ሐያት እዚሁ ዳላስ አጠገብ አዲሰን ከተማ ቢሮ ትሠራለች። ትመጣለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ስልኳን በትከሻዋ ይዛ «አያቴ፣ መሄድ አለብኝ» ትለኛለች። አሁን ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ በር በሩን የሚያየው ጀማል ነው። ባለፈው፣ ነፋሱ መስኮቱን ሸሽ ሸሽ ሲያደርገው፣ ልትሄድ ስትነሣ እጄ ሳላውቀው ጠረጴዛውን ዳሰሰ። መኪናዋ ቁልፍ የለውም፤ በስልኳ ነው የሚከፈተው።

«ምን ፈለግሽ፣ አያቴ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ጀማል አየኝ፤ እኔም አየሁት። አባቴ ሸበጥ ነበረው፣ ጀማል ቁልፍ ነበረው፤ የዚህችን ልጅ ግን ምኗን እንደምደብቅባት እስካሁን አላወቅኩም።